በሐዋሳ ሐይቅ ዳር አጠራጣሪ ነገር ስታዩ፦ ምን ማየት፣ እንዴት መመዝገብ፣ ለማን መንገር

«ማታ ማታ አሞራ ገደል ጋ የማይሆን ነገር ይሠራል፤ አንድ በሉት» የሚል ጥቆማ የደረሰው ሰው ምን ያድርግ? ማታ ስንት ሰዓት? የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የትኛው ጫፍ? የማይሆን ነገር ሲባል መረብ ነው፣ ቆሻሻ ነው ወይስ ስርቆት? ተረኛው ፖሊስ ወይም የዓሣ ሀብት ባለሙያው ቅን ቢሆን እንኳ የሚሄድበት ቦታም የሚፈልገው ነገርም አልተነገረውም። ብዙ ጥቆማ ውሃ የሚበላው እዚህ ላይ ነው። የሚሠራ ጥቆማ ማለት በቦታው ያልነበረ ሰው እሱን ብቻ ይዞ ሄዶ ያንኑ ነገር ሊያገኝበት የሚችል ጥቆማ ነው።

ሐይቁ ደግሞ ችላ ለማለት የሚመች ሐይቅ አይደለም። ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ጥልቁ ቦታው ወደ 22 ሜትር ቢሆን ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ሲሆን ከሐይቁ ወጥቶ የሚፈስ ወንዝ ግን የለም። ውሃው በትነት ይሄዳል፤ አብሮት የገባው ዘይት፣ ኬሚካልና ደለል እዚያው ይቀራል። ሌላ ቦታ «ወንዙ ይወስደዋል» የሚባለው ነገር እዚህ የሚወስደው የለም።

የዘወትሩን ማወቅ

አጠራጣሪውን ለመለየት መጀመሪያ የዘወትሩን ማወቅ ግድ ነው። አሳ አጥማጁ በብዛት የሚጠቀምበት ባለሙያዎች ጊል ኔት የሚሉትን፣ ውሃ ውስጥ እንደ አጥር ቆሞ ዓሣውን በስንጥቡ የሚይዘውን መረብ ነው። ይህ መረብ አመሻሹ ላይ ተጥሎ ያድርና ሲነጋጋ ይነሣል። ስለዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ መረብ ጭኖ እየቀዘፈ የሚወጣ ጀልባ፣ ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ወደ አሞራ ገደል የሚመለስ ጀልባ ሥራው ላይ ያለ ሰው ነው። መረቡ ላይ ተንሳፋፊ ሆነው የታሰሩ የፕላስቲክ ጠርሙሶችና የነጠላ ጫማ ቁራጮችም እንግዳ ነገር አይደሉም። ጠዋት ገበያው ላይ ዓሣ ሲገፈፍ፣ ፊሌቶ ሲወጣ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እግር ሥር እየተራመዱ ሆድ ዕቃውን ሲለቅሙ ታያላችሁ።

አባ ኮዳ ለተመልካች ጥሩ ጠቋሚ ነው። የዓሣ ትርፍራፊ ካለበት አይጠፋም። ከገበያው ርቆ ባለ የፊላና የቄጠማ ዳርቻ፣ ማንም ዓሣ በማያወርድበት ቦታ፣ ጠዋት ላይ አባ ኮዳዎች ተሰብስበው ካያችሁ ወይ ሌሊት እዚያ ዓሣ ተራግፏል፣ ወይ ዓሣ ሞቶ ዳር ወጥቷል። ሁለቱም መታየት ያለባቸው ነገሮች ናቸው።

የዘወትሩን ለመማር ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። በምትመላለሱበት አንድ የዳርቻ ክፍል ላይ ብቻ አተኩሩ፤ ስንት ጀልባ እዚያ ታስሮ እንደሚያድር፣ የትኛው ቱቦ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ እንደሚፈስ፣ ማን በየትኛው ሰዓት ከብት እንደሚያጠጣ እወቁ። መላውን ሐይቅ ልጠብቅ የሚል ሰው አንዱንም በቅጡ አያውቅም።

መረቡ ምን ይናገራል

ከሕገወጥ አጠማመድ ዋናው የመረብ ዓይን ጥበት ነው። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ማዕቀፉን ሲያስቀምጥ ዝርዝሩን ክልሎች በራሳቸው ሕግ ያወጣሉ። ቆሮሶ ለሚባለው የዓሣ ዓይነት በተለምዶ የሚመከረው ዝቅተኛ ልክ ዓይኑ ተወጥሮ ሲለካ 8 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። በእናንተ በኩል በሥራ ላይ ያለውን ልክ ከወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት የዓሣ ባለሙያ አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ ያዙ፤ ጥቆማችሁ በቁጥር ሲደገፍ አድማጩ ይለወጣል።

የመረብ ዓይን አለካክ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የአራቱን ጎን አንዱን መለካት ግማሹን ብቻ ይሰጣል። ትክክለኛው፣ መረቡን ወጥሮ ዓይኑ ጠብቦ ሲዘጋ፣ ከአንዱ ቋጠሮ መሐል እስከ ተቃራኒው ቋጠሮ መሐል ያለው ርዝመት ነው። አንድ ዓይን ብቻ ከለካችሁ ትንሽ መሳብ ውጤቱን ያዛባዋል፤ ስለዚህ ተከታታይ 10 ዓይን አንድ ላይ ወጥራችሁ ለኩና ለ10 አካፍሉ። 10 ዓይን 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የአንዱ ዓይን ልክ 6 ነው፤ ያ መረብ የሚይዘው ገና ያልወለደ ቆሮሶ ነው። ሜትር ካልያዛችሁ ስንዝራችሁን አስቀድማችሁ ቤት ለክታችሁ ቁጥሩን አስታውሱ። ይህን ግን የምታደርጉት ዳር ላይ ለተጣለ ወይም ባለቤቱ እያየ ለፈቀደላችሁ መረብ ብቻ ነው። ውሃ ውስጥ የተዘረጋ መረብ አትንኩ፤ የሰው ንብረት ነው፣ ማስረጃም ነው፣ ካነሣችሁትም ተጠያቂው እናንተ ትሆናላችሁ።

ሁለተኛው ምልክት ክሩ ነው። ደህናው መረብ ከተገመደ ቀጭን ክር ይሠራል፤ በጣት ሲታሽ ለስላሳ ነው፣ ጫፉ ሲቆረጥ ይበተናል። ሞኖፊላመንት የሚባለው ግን አንድ ወጥ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ እንደ መንጠቆ ክር የሚያንጸባርቅ ነው፤ ሲጨበጥ ይንኮሻኮሻል፣ ሲቆረጥም ጫፉ አይበተንም። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ዓሣውም ውሃ ውስጥ አያየውም። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል፦ ቶሎ ይቀደዳል፤ ርካሽ ስለሆነ ማንም ሊጠግነው አይደክምም፤ ተቆርጦ ውሃ ውስጥ የቀረው ቁራጭ ለዓመታት ሳይበሰብስ ማንም የማያነሣውን ዓሣና ወፍ ሲይዝ ይኖራል። ዳርቻ ላይ ተጠቅልሎ የተጣለ ሞኖፊላመንት ካገኛችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ቦታውን መዝግቡ። ያ ቦታ መረብ የሚራገፍበት ቦታ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የዳር ጎታች መረብ ነው። ይህን ሌሊት ባታዩትም ጠዋት ዱካውን ታነባላችሁ። መረቡ በጀልባ በግማሽ ክብ ይጣልና ሁለት ቡድን ከዳር ሆኖ በገመድ ይጎትተዋል። ስለዚህ አሸዋው ላይ ከ20 ወይም ከ30 ሜትር ርቀት ተነሥተው ወደ አንድ ቦታ የሚገናኙ ሁለት የገመድ ፍትጊያ መስመሮች ይቀራሉ። በመስመሮቹ በኩል ሰው ወደ ኋላ ተደግፎ ስለሚጎትት ተረከዝ በጥልቀት የገባበት ዱካ አለ። መረቡ በወጣበት ቦታ ደግሞ ከሥሩ የተነቀለ የውሃ ሣር ክምር፣ ጭቃና ከጣት የማይበልጡ የዓሣ ጫጩቶች ተጥለው ታገኛላችሁ። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ካሉ የዳር መረብ ተጎትቷል ብሎ ለመጠቆም በቂ ነው። አንዱ ብቻ ከሆነ አይበቃም፤ ጀልባ የሚያወጣ ሰውም ገመድ ይጎትታል፣ ማዕበልም ሣር ይከምራል።

የዳር መረብ ለምን ይህን ያህል ይጎዳል? ወንዱ ቆሮሶ ጎጆውን የሚቆፍረው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። ሴቷ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም መጀመሪያ የሚጠለሉት እዚያው ሣር ውስጥ ነው። የሚጎተተው መረብ ጎጆውን ይደለድላል፣ እንቁላል የያዘችውን እናት ይጠርጋል፣ መጠለያውን ይነቅላል። አንድ ሌሊት የሚገኘው ዓሣ ከሚጠፋው ጋር አይመዛዘንም።

ዓሣ ሞቶ ሲገኝ

«ሐይቁ ተመረዘ» የሚለው ወሬ በፍጥነት ስለሚዛመት እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዓሣ ያለ ማንም ጥፋት በጅምላ ሊሞት ይችላል። ኃይለኛ ንፋስ ወይም ብርድ ከሥር ያለውን ኦክስጅን ያነሰውን ውሃ ወደ ላይ ሲያመጣው፣ ወይም አልጌ በዝቶ ሌሊት ኦክስጅኑን ሲጨርሰው፣ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። ይህ በአብዛኛው የሚታየው ንጋት ላይ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሁኔታው ይሻሻላል።

ለመለየት የሚረዳው የሞተው ዓሣ ዓይነት ነው። አምባዛ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ኦክስጅን ባነሰ ውሃ ውስጥም ይቆያል። ስለዚህ ቆሮሶ ብቻ አፉን ከፍቶ ሞቶ አምባዛው በሕይወት ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የኦክስጅን እጥረት ነው። አምባዛው፣ ትንንሾቹ ዓሦችና የውሃ ነፍሳቱ ጭምር ከሞቱ ግን መርዝ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። ጥቆማችሁ ላይ «ብዙ ዓሣ ሞቷል» ከማለት «በ50 እርምጃ ውስጥ 40 ቆሮሶና 6 አምባዛ ቆጥሬያለሁ» ማለት ለባለሙያው የግማሽ ቀን ሥራ ያቀልለታል። ዓይናቸው ገና የጠራ፣ ስንጥባቸው የቀላ ከሆነ ከሞቱ ሰዓታት ቢሆን ነው፤ ዓይናቸው ነጥቶ ሆዳቸው ከተነፋ ቆይተዋል፣ ከሌላ ቦታ በንፋስ ተገፍተውም የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

ወደ ሐይቁ በሚገቡ ጅረቶችና በጥቁር ውሃ በኩል ሌላም ነገር አለ፦ ብርብራ። የብርብራ ፍሬ ውስጥ ዓሣን የሚያፍን ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለ በብዙ የአገራችን ወንዞች ዓሣ ለማስከር ሲውል ኖሯል። ዓሣ እየተንፏቀቀ ውሃው ላይ አፉን ሲከፍት፣ ሰዎች ደግሞ ከታች በቅርጫት ሲለቅሙ ካያችሁ ከላይ በኩል የተፈጨ ፍሬ ተበትኖ ይሆናል። ያ ዓሣ ወደ ገበያ እንዳይሄድ ወዲያውኑ ማሳወቅ ነው፤ የእርሻ ኬሚካል ተጠቅመው ከሆነ በበላተኛው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከብርብራ እጅግ ይብሳል። የሞተ ዓሣ በባዶ እጅ አትንኩ፣ ለውሻም አትስጡ።

ቀለም፣ ዘይት፣ አረፋ

ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ሽፋን ስታዩ በቀጭን እንጨት ንኩት። እንደ ተሰበረ መስታወት ተሰነጣጥቆ ቁርጥራጮቹ ተለያይተው ከቀሩ ረግረግ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ተፈጥሯዊ ነገር ነው። እንጨቱ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ከተገጣጠመ ግን ናፍጣ ወይም የሞተር ዘይት ነው። ባጃጅና መኪና ዳር ላይ በሚታጠብበት ቦታ የምታገኙት ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ነው።

አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ውሃም ያጋጥማል። ባለ ክር አልጌ ከሆነ በእንጨት ሲነሣ እንደ ጥጥ ተንጠልጥሎ ይመጣል። በእንጨቱ ላይ እንደ ቀለም ተቀብቶ ከቀረ ሳያኖባክቴሪያ የሚባለው ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ ወገን የሆኑ አንዳንዶቹ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ይሠራሉ። ለማረጋገጥ ጓንት አድርጋችሁ በጠራ ጠርሙስ ሦስት አራተኛ ያህል ቅዱና ሳይነቃነቅ ቀዝቃዛ ቦታ አሳድሩት። ጠዋት አረንጓዴው ከላይ ተንሳፍፎ እንደ ቅባት ከተጋገረ ለአካባቢ ጥበቃና ለጤና ጽሕፈት ቤት ንገሩ፤ እስከዚያው ከብት እዚያ ቦታ እንዳይጠጣ፣ ልጆችም እንዳይዋኙ አስጠንቅቁ።

ቱቦ ወይም ቦይ ሲፈስ ካያችሁ ዋናው ጥያቄ «መቼ ነው የሚፈሰው?» የሚለው ነው። ዝናብ ሳይዘንብ በደረቅ ቀን የሚፈስ የዝናብ ውሃ መውረጃ ቱቦ ሌላ ነገር ገብቶበታል። ሌሊት ወይም እሑድ ብቻ የሚፈስ ከሆነ ደግሞ የሚለቀው ሰው ሰዓት መርጧል ማለት ነው። በተለያየ ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ከተመሳሳይ ቦታ የተነሡ ሦስት ፎቶዎች ከአንድ አስደንጋጭ ፎቶ ይበልጣሉ።

ናሙና መውሰድ ካስፈለገ ባለሙያው ቢወስደው ይመረጣል፤ ያለ ሥርዓቱ የተቀዳ ውሃ ፍርድ ቤት አያስኬድም። ሆኖም ፍሳሹ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚቆም ከሆነ ባለሙያውን የሚመራ ናሙና መያዝ ጠቃሚ ነው። አንድ ሊትር የሚይዝ ንጹሕ የሃይላንድ ጠርሙስ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ፣ አየር እንዳይቀርበት እስከ አፉ ሙሉና ክደኑት። ከፍሳሹ በላይ፣ ፍሳሹ በሚገባበትና ከሱ በታች፣ ሦስት ቦታ ቅዱ፤ የላይኛው ከሌለ ብክለቱ ከየት እንደመጣ ማንም ሊናገር አይችልም። ዘይት ከሆነ ግን ብርጭቆ ጠርሙስ ተጠቀሙ፣ አታለቅልቁም፤ ዘይት ፕላስቲክ ላይ ይጣበቃል፣ ስታለቅልቁትም የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እየቀረ ልኩን ያዛባል። በረዶ ውስጥ፣ ከብርሃን ሸሽጋችሁ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ አድርሱት።

መኪናና ጀልባ

ፍርስራሽ ወይም የመጸዳጃ ፍሳሽ ሊደፋ የሚመጣ መኪና ከጨለመ በኋላ መብራቱን አጥፍቶ ወደ ዳር ይጠጋል፤ ቦቴ ከሆነ የፓምፑ ድምፅና ሽታው ይነግራችኋል። ታርጋ ሲጻፍ ቁጥሩ ብቻ አይበቃም። በነባሩ ታርጋ ላይ ኮዱ፣ የክልሉ ፊደልና ቁጥሩ አንድ ላይ ካልሆኑ ያው ቁጥር ያላቸው ብዙ መኪኖች ይኖራሉ። ኮዱን ካላያችሁት ቀለሙን ጻፉ፦ አረንጓዴ የንግድ፣ ሰማያዊ የግል፣ ጥቁር የመንግሥት፣ ቀይ የታክሲ ነው። ባጃጅ ከሆነ የጎን ቁጥሩ ከኋላ ታርጋው ይልቅ በቀላሉ ይነበባል። ከፊል ብቻ ካያችሁ ከፊሉን ጻፉ፤ ያላያችሁትን አኃዝ በግምት አትሙሉ። አንድ የተሳሳተ አኃዝ ንጹሕ ሰው ያስጠራል።

ጀልባን በተመለከተ አጠራጣሪ የሚሆነው ከዘወትሩ ጋር ሲነጻጸር ነው፦ መብራት ሳያበራ ሌሊት በሞተር የሚሄድ፣ ሰው ሲያይ አቅጣጫ የሚቀይር፣ ጭነት በማይወርድበት ዳርቻ ከመኪና ጋር የሚገናኝ። የሰው ቋንቋ፣ አለባበስ ወይም ከየት መጣነት በራሱ ጥቆማ አይሆንም። የማታውቁት ሰው ዳር ላይ ተቀምጦ ሐይቁን ማየቱም እንዲሁ። የሚጻፈው የተደረገው ነገር ነው። እያወቁ የሐሰት ጥቆማ መስጠት በወንጀል ሕጉ እንደሚያስጠይቅም መርሳት አይገባም።

በበዓላት ሰሞን፣ በፍቼ ጫምባላላ፣ በጥምቀት፣ በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ገብርኤል፣ ዳርቻው በሕዝብ ሲሞላ ሌላ ነገር ይመጣል፦ ከልክ በላይ የጫነ የሽርሽር ጀልባ። ከውሃው በላይ የቀረው የጀልባው ጠርዝ ከአንድ ስንዝር ካነሰ፣ ወይም የሕይወት አድን ጃኬቱ ከተሳፋሪው ቁጥር ካነሰ፣ ለጀልባ ማኅበሩ ተቆጣጣሪ እዚያው ንገሩ። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ያንን ጠርዝ ይዘልቀዋል። ይህ ሰዓት የሚሰጥ ጉዳይ አይደለም፤ ጀልባው ሳይነሣ ነው መነገር ያለበት።

መመዝገብ

ሰዓት ላይ የሚፈጠረው መደናገር ብዙ ጥቆማ ያበላሻል። ስልካችሁ 03:10 ካለ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10 ነው። «3 ሰዓት ከ10» ብሎ መጻፍ ፖሊሱን በስድስት ሰዓት ያሳስተዋል። ሁልጊዜ «ከሌሊቱ»፣ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» የሚለውን አስቀድሙ። የፎቶው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚመዘገብ በጽሑፋችሁ ሁለቱንም ቀን አስፍሩ።

ለቦታ፣ የስልኩ ካርታ ላይ ቦታውን ጣታችሁን አስጫናችሁ ስትቆዩ ሁለት ቁጥር ይወጣል። ለሐዋሳ ሐይቅ የመጀመሪያው ወደ 7፣ ሁለተኛው ወደ 38 የተጠጋ መሆን አለበት። ከተገላበጠ ቦታው ሜዲትራንያን ባሕር ውስጥ ይወድቃል። ከነጥብ በኋላ አራት አኃዝ ካለ ስሕተቱ 11 ሜትር ገደማ ነው፣ ይበቃል። ካርታው የሚሰጣችሁ ግን የቆማችሁበትን ነው፤ ጀልባው 300 ሜትር ርቆ ከሆነ አቅጣጫውንና ርቀቱን መጨመር አለባችሁ። ለአቅጣጫ የስልኩ ኮምፓስ ይረዳል፤ ከሌለ ታቦር ወይም አላሙራ ተራራ በፎቶው ውስጥ እንዲገባ አድርጉ፣ ባለሙያው ከዚያ ያወጣዋል።

ለርቀት አውራ ጣት ይበቃል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጣታችሁን አቁሙ፤ አንድ ዓይን ጨፍናችሁ ጣቱን ከጀልባው አንድ ጫፍ ጋር አስተካክሉ፤ ሳትንቀሳቀሱ ዓይን ቀይሩ። ጣቱ ወደ ጎን የዘለለ ይመስላል። ዝላዩ በጀልባው ርዝመት ስንት እንደሚሆን ገምቱና በ10 አባዙት። ጀልባው 5 ሜትር ገደማ ሆኖ ዝላዩ የአራት ጀልባ ርዝመት ያህል ከሆነ 20 ሜትር ነው፤ ርቀቱ ወደ 200 ሜትር ይሆናል። በጆሮ ግን አትገምቱ፤ ጸጥ ባለ ሌሊት ድምፅ ውሃ ላይ ርቆ ስለሚሰማ ሞተሩ ካለበት ይልቅ የቀረበ ይመስላል።

ፎቶ ሦስት ዓይነት ይነሣል፦ አካባቢውን የሚያሳይ ሰፊ፣ ድርጊቱን የሚያሳይ መካከለኛ፣ ዝርዝሩን የሚያሳይ ቅርብ። ሌሊት ፍላሹን አጥፉ፤ ከጥቂት ሜትር በላይ አያበራም፣ እናንተን ግን ያጋልጣል። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ የተነሣበት ሰዓትና ቦታም ይጠፋል። ዋናው ፋይል ስልካችሁ ላይ ሳይነካ ይቀመጥ፤ የምትቆርጡትና የምታከብቡት ቅጂውን ነው።

ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ከጥቆማ በፊት አይሆንም። መረቡ የሚነሣው፣ ፍሳሹ የሚዘጋው ያኔ ነው። ፊታቸው የታየ ሰዎች ደግሞ ሳይጣራ ስማቸው ይጠፋል።

ራስን መጠበቅ

ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ከውሃ ይወጣል፤ ሳይነጋ ይመለሳል። መንገዱ ሣሩ ውስጥ በግልጽ ይታወቃል፦ መሐሉ ላይ ከፍ ያለ ጉብታ ያለው ጎን ለጎን የሚሄድ ሁለት መስመር ነው። እዚያ መስመር ላይ፣ ወይም በጉማሬውና በውሃው መካከል፣ መቆም ሞትን መጥራት ነው። ሌሊት ፊላ ውስጥ ተደብቆ መከታተል የሚባል ነገር አይሞከር። ማስረጃ ላምጣ ብሎ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ መግባትም እንዲሁ፤ በጥቁር ውሃ አካባቢ ቢልሃርዚያ አለ፣ ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው።

ሰውን በግንባር አትጋፈጡ። ሕገወጥ መረብ የሚጎትት ሰው ብዙ ጊዜ ጎረቤታችሁ ነው፣ ድሃ ነው፣ ገጀራም ይይዛል። ጣልቃ መግባት የተቆጣጣሪውና የፖሊሱ ሥራ ነው።

ለማን

ጉዳት እየደረሰ ወይም ሊደርስ ከሆነ ፖሊስ 991 ነው፤ የተጎዳ ሰው ካለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። የቅርቡን ፖሊስ ጣቢያ ቀጥታ ስልክ ግን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ ሰፈሩን የሚያውቀው እሱ ነው። መረብና አጠማመድ ለወረዳው ወይም ለክፍለ ከተማው የግብርና ጽሕፈት ቤት የዓሣ ባለሙያና ለዓሣ አጥማጆች ማኅበሩ፤ ፍሳሽና ቆሻሻ ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት። ማኅበሩን አትዝለሉ። ሐይቁ ቢደርቅ መጀመሪያ የሚራቡት አባላቱ ናቸው፣ ሌሊት ማን እንደሚወጣም ከማንም በላይ ያውቃሉ። ቦታው የየትኛው አስተዳደር እንደሆነም አረጋግጡ፤ የሐይቁ ዳርቻ ሁሉ የሐዋሳ ከተማ አይደለም፣ ከፊሉ የሐዋሳ ዙሪያ ወረዳ ነው፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል ደግሞ ኦሮሚያ ክልል አለ። ወደ ተሳሳተ ጽሕፈት ቤት የሄደ ጥቆማ በደብዳቤ እስኪመላለስ መረቡ ሌላ ቦታ ተዘርግቷል።

ስልክ ስትደውሉ ቦታውን አስቀድሙ፤ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ የሚቀረው እሱ ነው። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ከጥቁር ውሃ ድልድይ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ በግራ ዳር፣ 400 ሜትር ገደማ። አሁን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ20 ነው። አንድ ቦቴ ቱቦ ዘርግቶ ወንዙ ውስጥ እየለቀቀ ነው።»

«ስንት ሰው አለ?»

«ሁለት አይቻለሁ። ታርጋው አረንጓዴ ነው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች 47 ናቸው፣ ሌላውን አላየሁትም።»

«እርስዎ የት ነዎት?»

«መንገዱ ላይ፣ ድልድዩ ጋ። አልተጠጋሁም።»

«ጥሩ፣ እዚያው ይቆዩ። ስምዎትን ይነግሩኛል?»

«እነግርዎታለሁ፣ ግን እንዳይገለጽ እፈልጋለሁ።»

ወንዝ ላይ ግራና ቀኝ የሚባለው ውሃው ወደሚፈስበት ፊትን አዙሮ ነው። ያዩትን «አይቻለሁ»፣ የገመቱትን «ይመስለኛል»፣ የሰሙትን «ሰው ነግሮኝ ነው» ብሎ ለይቶ መናገር ጥቆማውን ያጠነክረዋል እንጂ አያደክመውም።

ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት የተቀበላችሁን ሰው ስም ወይም ኃላፊነት ጠይቃችሁ ከሰዓቱ ጋር ጻፉ። አስቸኳይ ላልሆነው ጉዳይ በማግስቱ አንድ ገጽ ጽሑፍ በሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመትታችሁ ያዙት። ሳምንት አልፎ ምላሽ ከሌለ ያንኑ ቁጥር ጠቅሳችሁ ለበላዩ ጽሕፈት ቤት ጻፉ። በመሐሉ ድርጊቱ ከተደገመ አዲስ ጥቆማ አትጀምሩ፤ አዲሱን ቀን፣ ሰዓትና ፎቶ በዚያው በገቢ ቁጥሩ ላይ አያይዙት፣ መዝገቡ አንድ ላይ እንዲወፍር።